አባ ያልነገሩኝ ነገር

አባ ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይገባን ነበር። እሳቸው ግን የአገር ሰው ነበሩ፤ ከከፋ በኩል የመጡ፣ ጠይም፣ ቀጭን፣ እንደኛው ጋቢ የሚለብሱ። ካቶሊክ ካህን ናቸው ይባላል። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በያዮ ጫካ ውስጥ ላሉ ጥቂት ቤተሰቦች ይቀድሱ፣ ያጠምቁ፣ ቁስል ያጥቡ ነበር። በገበያ ቀን እኛ ወዳለንበት መቱ ሲመጡ ያገኙትን ሁሉ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። እኛ ከሰሜን የመጣን የወታደር ልጆች ግን እጃቸውን እንሳለም ወይስ እንለፋቸው፣ አናውቅም ነበር። እኔ አንዳንዴ እሳለማለሁ፣ አንዳንዴ ቅጠል የምገዛ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ጣልያን ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ እናቴን የጎን ውጋት ጣላት። የንስሐ አባታችን ለጉዳይ ጎሬ ሄደው ነበር፤ ወንዙም ሞልቶ የጎሬ መንገድ ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን እናቴ እጄን ይዛ «ያንን የያዮውን አባ ጥሪልኝ» አለች።

«የትኛውን አባ? ካቶሊኩን?»

«እግሬን ያከሙኝን።»

ከብዙ ዓመት በፊት የቆሰለ እግሯን አጥበው አስረውላት ነበር። ለመድኃኒት ፈልጋቸው ይሆናል ብዬ ላክሁባቸው።

በማግስቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። እናቴን አይተው «ልጄ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ተዪን» አሉኝ። በር ላይ ቆምሁ። የሚሉት አይሰማኝም፤ አንድ ጊዜ ግን እናቴ ሳቀች። ሦስት ቀን ስታቃስት የቆየች ሴት እንዴት ትስቃለች? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«አባ፣ ምን አደረጉላት?»

«ጸለይን።»

«የእናንተን ቁርባን ሰጥተዋታል?»

«ይህንን እሷ ትንገርሽ» ብለው ወደ ጎረቤት ቤት ሄዱ። ስገባ እናቴ ተኝታለች። ሲነጋ፣ አንድም ቃል ሳትነግረኝ፣ አረፈች።

ወንዙ ጎድሎ የንስሐ አባታችን እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች የካቶሊኩን መምጣት ቀድመው ነግረዋቸዋል። ገና ሳይቀመጡ «ሃይማኖቷን ለውጣ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላስቀብራት አልችልም። ለውጣለች?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«ልጇ ሆነሽ እንዴት አታውቂም?»

ምን ልበል? ማተቧ አንገቷ ላይ አለ። ካቶሊኩን አባ ያስጠራቻቸው ግን እሷ ናት። አባን ካደሩበት ከጎረቤት ቤት እኔው ሄጄ አመጣኋቸው፤ ሁለቱ ካህናት አስከሬኑ ባለበት ቤት ደጃፍ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ከእርስዎ እጅ እንዳልቆረበች ይማሉልኝ» አሉ የንስሐ አባታችን።

«አልምልም።»

ከለቅሶተኛው መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። በልቤ፣ አለቀ፣ እናቴን ሜዳ ላይ ልቀብራት ነው፣ አልሁ።

የንስሐ አባታችን ግን «በእውነት ባትቆርብስ ኖሮ፣ ይምሉልኝ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ያኔም አልምልም፣ አባቴ። የሞተ ሰው ምስጢር ነው።»

የንስሐ አባታችንም «እንግዲያው ከእርስዎ ዝምታ ምንም ማወቅ አልችልም። እኔ የማውቀው ማተቧን ነው» አሉና ፍትሐት እንዲጀመር አዘዙ። እናቴ ቀድሞ ከሞተው አባቴ አጠገብ ተቀበረች። አባ ከአጥሩ ውጭ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀየምኋቸው። አንዲት ቃል ቢናገሩ ያን ሁሉ ጭንቀት ያስቀሩልኝ ነበር። ደግሞም በገበያ መካከል ሳያቸው፣ ያቺ ቃል ወዴት ታደርሰኝ እንደነበር ሳስብ ማመስገን ያምረኝ ነበር። ቂሜንም ሳልተው ሳላመሰግንም ዓመታት አለፉ።

አርጅተው ዓይናቸው ሲደክም አንድ ቀን ቤቴ አሳረፍኋቸው፤ እግራቸውን አጥቤ ወተት ሰጠኋቸው። አላስቻለኝም፣ ጠየቅሁ።

«አባ፣ አሁንስ አይነግሩኝም? ከእርስዎ ወጥቶ የት ይሄዳል?»

«ረስቼዋለሁ፣ ልጄ» አሉ። ፊታቸውን አጥብቄ አየሁት፤ እውነታቸውን ይሁን አይሁን መለየት አልቻልሁም።

«የሳቀችበትንስ?»

«እሱንማ አልረሳሁም» አሉና እየሳቁ ወተታቸውን ጠጡ።

በዚያው ዓመት ያዮ ውስጥ አረፉ። ለቀብራቸው ስሄድ ምእመናናቸው በኦሮምኛ ይዘምሩ ነበር። እኔ በየትኛው ጸሎት እንደምሸኛቸው ጨንቆኝ ከኋላ ቆምሁ፤ በኋላ በማውቀው ጸልዬ፣ እንደ ልማዴ አማትቤ ተመለስሁ።