የሎሚ አዲስ ጉንጭ

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «ሎሚ» ነው የሚለው። ግራ ጉንጩ ላይ፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ ሎሚ የምታህል እብጠት ነበረችበት። በወጣትነቱ እንደ ሽንብራ ብቅ አለች፣ ማንም ሳይጠራት ከዓመት ዓመት እየፋፋች ሄደች፣ መጨረሻ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። የሰፈሩ ልጆች እንኳ «ሎሚ ጋ ሄደህ ተቆረጥ» እየተባሉ ነው ያደጉት። እሱም ሲጠሩት አፉ አቤት ይላል፣ ሆዱ ግን ይቆጣል።

ሱቁን ያሰናዳው ለዚህችው እብጠት ሲል ነው። ወንበሩን ያቆመው ቆሞ ሲሠራ ቀኝ ጉንጩ ወደ በሩ፣ ግራው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እንዲሆን አድርጎ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባሏ ከሞተባት የቆየች ልብስ ሰፊ አለች። የስፌት መኪናዋን ደጃፏ ላይ አድርጋ ስትሠራ ትውላለች። ቀና ስትል እሱ በቀኝ ጉንጩ ፈገግ ይልላታል። እብጠቷን እንደምታውቅ አጥቶት አይደለም፤ ማወቅና ማየት ለየቅል ነው እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ለራሱም ምሎ ነበር፦ «ይቺ ነገር ከፊቴ ትውረድልኝ እንጂ፣ በማግስቱ ሄጄ አግቢኝ እላታለሁ።»

ችግሩ፣ ሐኪም ቤት ይፈራል። የሰው አንገት ላይ ምላጭ ሲያንሸራትት የሚውል ሰው፣ የሌላ ሰው ምላጭ ሲታሰበው ላብ ያጠምቀዋል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ በመጨረሻ ሰለቻት።

«ተነስ! ሎሚህን ይዘህ ልትቀበር ነው እንዴ?» ብላ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።

ሐኪሙ አስመርምረው «ክፉ ነገር የለውም፣ የስብ ክምችት ነው፣ እናወጣዋለን» አሉት። ጉንጩን አደንዝዘው ጀመሩ። አልተኛም ነበርና የመቀሱን ድምፅ ሲሰማ የሙያ ነገር አላስችል አለው።

«ዶክተር፣ መቀስዎ ስል ነው?»

«ዝም ብትል ነው የሚሻለው» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ነቅቶ ጉንጩን ሲዳስስ ፋሻው ስር ያለው ነገር ከበፊቱ ብሷል። «እትዬ! ድረሽ፣ ብርቱካን ሆነ!» ብሎ ቤቱን አናጋው። እህቱ ያብጥና ይጎድላል ተብሏል፣ አርፈህ ተኛ ብላ ገላመጠችው። እውነትም እያደር ጎደለ። ሐኪሙ ስፌቱ እንዳይሳብ መሳቅ ከልክለውት ነበር፤ ሳቅ ደግሞ ሲከለከል ነው የሚመጣው። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ሾፌር፣ ሊጠይቀው መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «እንግዲህ ሎሚው ከሄደ አንተን ማን እንበልህ፣ ልጣጭ?» ሲለው፣ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ላይ ተንፈራፈረ። እህቱ ሾፌሩን በመጥረጊያ አባረረችው።

ስፌቱ የወጣ ዕለት ሐኪሙ በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው «ጠግጓል። ከነገ ጀምሮ ቀስ ብለህ መላጨት ትችላለህ» አሉት። የዚያን ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ነገ!

ጎህ ሲቀድ ተነሳ፣ ውሃ አሞቀ፣ ያደገ ጢሙን በሳሙና አረፋ ሸፈነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሱቁ በመስታወት የተሞላው ይህ ሰው ቤቱ ውስጥ ስባሪ መስታወት እንኳ የለውም። እብጠቷን ላለማየት ዘመኑን ሁሉ በዳሰሳ ነው ሲላጭ የኖረው። ምላጩ ግራ ጉንጩ ላይ ሲደርስ፣ መኪና አደባባይ እንደሚዞር፣ እብጠቷን ዞሮ ያልፋል፤ በላይዋ የሚበቅለውን አልፎ አልፎ በመቀስ ያጎድለዋል። ያን ቀንም እጁ የለመደውን አደረገ። አደባባዩ ፈርሷል፣ ምላጩ ግን ዞሮ አለፈ። ሐሳቡ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነበርና ምንም አልታወቀውም። እህቱ ሳትነሳ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ።

እግሩ መሬት አልነካ አለው። ዳቦ ሻጯ አየችውና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ገረማት!» አለ በልቡ። ጋዜጣ አዟሪው አይቶት ዞር ብሎ አጠገቡ የቆመውን ጎሰመ። ሎሚም ለሁሉም ግራ ጉንጩን እያስቀደመ፣ እንደ ሙሽራ እጅ እየነሳ አለፈ። እንደዚያን ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎለት አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሽፋን እየገለጠች ነበር።

«እንዴት አደርሽ ጎረቤት! እስቲ እዪኝ!» አለና ያን ሁሉ ዘመን የደበቀውን ጉንጭ አዙሮ ሰጣት።

አየችው። ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። መኪናዋ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የሎሚ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ጠባሳው አስቀያሚ ሆኖ ይሆናል፣ ሁሉ ነገር አበቃ ብሎ አሰበ።

«ና እስቲ» አለችና እጅጌውን ይዛ መንገዱን አሻገረችው። ሱቁን አስከፈተችው፣ ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ትልቅ መስታወት ፊት አቆመችው።

ለስላሳ ጉንጭ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ክብ የጢም ደሴት። ልክ ሎሚ ታህላለች። ሐኪሙ ያወጧት እብጠት በፀጉር ተሠርታ ተመልሳለች።

«ሰፈሩን ሁሉ በዚህ ፊት ነው ያቋረጥኩት?» አለ።

«እሱን ተወው። ይሄን መስታወት እዚህ ምን ልታደርግበት ሰቀልከው?»

«ሱቁ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ነዋ።»

«እኔ ከማዶ ሆኜ በሱ ውስጥ ምን እንደማይ አስበህ ታውቃለህ?»

መስታወቱን በደንብ አየው። በሩ፣ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ የሷ ወንበር፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ እሱ ከዚህ ከታየው፣ ከዚያም… ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ያን ሁሉ ዓመት ሳየው የኖርኩት ግራ ጉንጭህን ነው» አለች። «ቀኙማ ሁልጊዜ እንደተገተረ ፈገግ ይላል፣ ምኑ ይታመናል! ደከመህ፣ ከፋህ፣ ደስ አለህ፣ የማውቀው በግራው ነው።»

«እኔኮ እብጠቷ እስክትወርድ ብዬ ነው የጠበቅኩት» አለ።

«ጠብቀህ ምን ልትለኝ?»

«አግቢኝ ልልሽ።»

ወንበሩን በእጇ አመለከተችው፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የተቀመጠበት፣ እሱ ግን አንድ ቀን ተቀምጦበት የማያውቀው ወንበር። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ ጉንጩን በሳሙና አረፋ ሸፈነችው፣ አዲስ ምላጭ አወጣች።

«ምን አልሽኝ ታዲያ?»

«አትናገር። አትንቀሳቀስ።»

ደንበኞቹን ሲላቸው የኖረው ይሄንኑ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። መርፌ የለመደው እጇ ደሴቷን ከዳር እየጀመረ ጠረጋት፣ ጠባሳው ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ጎበዝ ሰፊ ናቸው ሐኪሙ» አለች። ሞቅ ባለ ጨርቅ ጉንጩን አበሰችው።

«አሁን መናገር ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ምን ትናገራለህ? መልሴ እሺ ነው። ሎሚዋ እያለችም እሺ ነበር፣ አልጠየቅከኝም እንጂ።»

ሎሚ ሳቀ። ስፌቱ የነበረበት ቦታ ሳብ አደረገው፣ እሱ ግን ጉንጩን አልያዘም።