የትስስር መድረኩ እንግዶች

«ትስስር» የሚለውን ቃል ዛሬም ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቃሉ ምን አጠፋ? ያጠፉት አፋቸው ላይ ያደረጉት ናቸው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት አምበር ላይ የወረዳ የኢነርጂ ባለሙያ ነበርኩ። ከየዞኑ የተውጣጡ የታዳሽ ኃይልና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች በየዓመቱ አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ይተዋወቃሉ፣ ተሞክሮ ይለዋወጣሉ፣ የስልክ ቁጥር ይቀባበላሉ፣ አዲስ ቦርሳና አዲስ ኮፍያ ይዘው ወደየመጡበት ይመለሳሉ። የትስስር መድረክ የሚባለው ይህ ነው። ያን ዓመት ተራው የደብረ ማርቆስ ሆነና የመስክ ጉብኝቱ እኔ ወረዳ ላይ ወደቀ። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ። የማሳየው ነገር ነበረኛ!

ከአምበር ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። የባለቤታቸውን ዓይን የማድ ቤት ጭስ ጨርሶት ነበር፤ ሲያነባ ውሎ ሲያነባ ያድራል። ባዮጋዝ እንትከልላችሁ ብዬ ሄድኩ። እበት በውሃ ተበጥብጦ ከመሬት ሥር በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱቦ ማድ ቤት ድረስ መጥቶ ያለ ጭስ ይነዳል። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ አንድ ነገር ብቻ አስቸገሩኝ።

«የከብቱ እበት ግድ የለም ልጄ፤ ቤታችንንም የምንለቀልቀው በሱ ነው። የሰው ነገር ግን እንዳይገባበት። እኔ መቅደስ የምገባ ሰው ነኝ፤ ቤቴም ሰው የሚበላበት ቤት ነው።»

ይህን ያሉት ያለ ነገር አይደለም። በፕላኑ ላይ ጉድጓዱ ሁለት መግቢያ አለው፤ አንዱ ለእበት፣ ሌላው ለመጸዳጃ ቤት። ግንበኛው ሁለተኛውን መግቢያ በሲሚንቶ ሲደፍነው እሳቸው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ከልለው ቆመው አዩ። መጸዳጃ ቤታቸውም ከግቢው ሌላኛው ጥግ፣ ከጌሾው በስተጀርባ ነው። በእኛ ቢሮ ቋንቋ እንዲህ ያለው ሥራ «ያልተሟላ» ይባላል። ለእኔ ግን ሞልቶ ፈሶ ነበር። የሴትዮዋ ዓይን ደረቀ። ጎረቤት እየመጣ ሰማያዊውን ነበልባል አይቶ፣ ከወጡም ቀምሶ ይሄዳል፤ ለእኛም ትከሉልን የሚሉ ነበሩ።

የጉብኝቱ ቀን ሚኒባሶቹና ላንድክሩዘሮቹ አቧራውን እያስነሱ ግቢው በር ላይ ተደረደሩ። የሰንበቴው ማኅበርተኞችም እንግዳ ሊያዩ መጥተው በካቡ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የቄሱ ባለቤት ከጋዙ ምድጃ የወረደ ትኩስ ክክ ወጥ በእንጀራ እያደረጉ ለእንግዶቹ በየሳህኑ ሰጡ። ሁሉም እየበላ፣ እያመሰገነ፣ ፎቶ እየተነሣ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

መድረኩን ይመራ የነበረው አስተባባሪ ከክልል የመጣ፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነው። ፕላኑን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አምጥቷል። በፕላኑ ላይ መጸዳጃ ቤቱ አለ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድ ቀስትም አለ። ከግቢው ይልቅ ወረቀቱን እያየ ድምፅ ማጉያውን አነሣ።

«ይህ ሞዴል ቤተሰብ» አለ፣ «የከብቱን እበት ብቻ ሳይሆን የራሱን መጸዳጃ ቤት ጭምር ከማብላያው ጋር አገናኝቶ፣ ቆሻሻን ወደ ንጹሕ እሳት የለወጠ ነው! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት እጆች ግን ወደ ሳህኑ አልተመለሱም። አንዱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሳህኑን ቀስ ብሎ ከአግዳሚው ሥር አሾለከው። አንዷ በሶፍት አፏን ጠርጋ ውሃ ጠየቀች። በየስብሰባው «የኅብረተሰቡ የአመለካከት ችግር» እያሉ ጥናት የሚያቀርቡት እነዚሁ ናቸው! ካቡ ላይ የተቀመጡት ማኅበርተኞች ድምፅ ማጉያውንም ሰሙ፣ ሳህኖቹንም አዩ። የተማረው ሰው ከተወው ምን ቀረ? የቄሱ ባለቤት ጭልፋውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ኧረ አልተገናኘም!» ብዬ ስጮህ ጩኸቴን የመኪናው ጡሩምባ ዋጠው። ወደ ቄሱ ዞርኩ። ቄሱ ግን እንግዶቹን ሊሸኙ ወደ በሩ አመሩ። በገዛ ግቢያቸው እንግዳን በሰው ፊት ውሸታም ማለት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እንግዶቹ ተሸኝተው መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ጠበቁና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነገም ስብሰባ አላችሁ አይደል? ሰውዬው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ በሕዝቡ ፊት ያርመው። በሕዝብ ፊት የተነገረ በሕዝብ ፊት ነው የሚታረም።»

ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ አዳራሹ በር ላይ አስተባባሪውን ያዝኩት። መብራት ጠፍቶ ነበርና ስለ ንጹሕ ኃይል የምንመክረው በናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን።

«አልተገናኘም! መግቢያው ተደፍኗል! ሰውዬው ቄስ ናቸው!»

«አውቃለሁ እኮ» አለኝ። «ሪፖርትሽን አንብቤዋለሁ። ለማስተማሪያ ነው። ሞዴሉ የተሟላ እንዲሆን ብዬ ነው እንጂ ማንን ጎዳሁ?»

ያውቅ ነበር! ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ብዬ እተወው ነበር። እሑድ ይምጣና ያስተባብል ብዬ ለመንኩት። እሑድ መንገድ ላይ ነኝ አለኝ። ውይይቱ ላይ እጄን አወጣሁ፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ፣ ቀጣዩ የትስስር ጊዜ ስለሆነ ጥያቄዎችን በሻይ ሰዓት በጎን እንድናነሣ ነገረን። በሻይ ሰዓት ሁሉም ካርድ ይለዋወጣል። ለእኔም የሰጡኝ ነበሩ። ሳህኑን አግዳሚ ሥር ያሾለከው ሰው ፈገግ ብሎ ካርዱን ሲዘረጋልኝ ፊቱ ላይ ብወረውርለት በወደድኩ፤ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ እኔው ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ የተባለው ሐሰት ነው፣ ቱቦም የለ፣ ግንኙነትም የለ አልኩ። ሕዝቡ በትሕትና አዳመጠኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ «የበላይሽ የተናገረውን አንቺ ልታፈርሺው ነው? አንቺማ እቃውን ያስገባሽው ነሽ፤ ምን ትይ?» አሉኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ቄሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ማኅበርተኞቹን ግቢያቸው ጠርተው ዶማ አነሡ። የተደፈነውን መግቢያ ከአፈር አውጥተው ሲሚንቶውን በዶማው ዛቢያ አንኳኩላቸው። ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ጉድጓዱ ያለውን መሬትም በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። ቀሚሳቸው በጭቃ ተበላሸ። እኒያ ቆመው የሚያቆርቧቸው ሰዎች ከበዋቸው ቆመው አዩ። የሚታይ ቱቦ የለም። «አባታችን፣ እኛስ መች ተጠራጠርንዎ» ብለው ጉልበት ስመው ሄዱ። የዚያን ዕለት ነገሩ ያለቀ መስሎኝ በደስታ አለቀስኩ።

ከዚያ የቄሱ የሰንበቴ ተራ ደረሰ። ባለቤታቸው ሌሊት ተነሥተው ሠርተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሌማቱን አስይዘው ሄዱ። እኔም ሆን ብዬ ሄጄ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። አንዱ ሆዴን አሞኛል አለ። አንዷ ስእለት ይዣለሁ አለች። ሌላው ጠላውን ተቀብሎ ወጡን በእጁ ከለከለ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገሩ ይሻል ነበር። ቄሱ ባርከው ብቻቸውን ሲቆርሱ የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነበር። ሌማቱ እንደ ሞላ ተመለሰ።

አስተባባሪውን እዚያ አጠገባቸው አስቀምጬ ባሳየው ምን ነበረበት! እሱ ግን የቄሱን ግቢ ፎቶ ይዞ በሌላ ከተማ ሌላ መድረክ ላይ እየተጨበጨበለት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ግቢ ለመሄድ እግሬ እንቢ አለኝ። በመጨረሻ ሄድኩ። ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቷል። የጋዙ ቱቦ ተቆርጦ በገመድ ፋንታ ጥጃ ታስሮበታል። ቄሱ እርሻ ወርደዋል አሉኝ። ከማድ ቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ባለቤታቸው የሚያነባ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርዝ እየጠረጉ ወጡ፤ አገላብጠው ሳሙኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። መቼም ሳያበሉ አይሸኙምና ክክ ወጥ በእንጀራ አቀረቡልኝ።

ስለነሱ ማልቀስ አማረኝ፤ ይቅርታ ልበል፣ ምን ልበል ብዬ ሳሰላስል እጄ ሳህኑ አጠገብ ቆየ። ሴትዮዋ እጄን አዩት። ፊታቸው ክስም አለ፤ ወደ እኔም ጠጋ ብለው ቀስ አድርገው፣

«ብዪ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «በእንጨት ነው የሠራሁት።»