የተጨመቀው መስመር

ሰውዬውን ዛሬም አልወደውም። ለመውደድም አልሞከርኩም።

የእህል ነጋዴዎች ማኅበር ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገቡ ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሞጣ፤ እኔ ቢቸና። እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከእኔ ሌላ የሚያገላብጣት ስላልነበራት፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በተመሰጠረ መስመር ከርቀት እየገባሁ እሠራ ነበር። ኔትወርኩ ግን ሞት ነው። አንድ ትእዛዝ ጽፌ መልሱ እስኪመጣ እናቴን አጉርሼ እመለሳለሁ። ኋላ ላይ ጽሑፉ በመስመሩ ሲያልፍ ተጨምቆ፣ መጠኑ አንሶ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ማዘዣ ከፈትኩ። ገጽ ሙሉ መልስ ዱብ ይልልኝ ጀመር። እፎይ አልኩ።

ሞጣ ያለው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ይህ አልተዋጠለትም። እሱ ቢሮ እየገባ እኔ ቤቴ መዋሌ ያንገበግበው ነበር። "ሥራ እየተጓተተ ነው፣ ሞጣ ይዛወር" ብሎ ከሰሰኝና የማኅበሩን ኮሚቴ አስከትሎ ቤቴ ድረስ መጣ። እኔም መስመሩን በመጭመቅ ሥራው እንደፈጠነልኝ ነገርኳቸው።

"አንድ ናሙና እንይ" አሉ የኮሚቴው ሽማግሌዎች። ናሙናውን የመረጠው እሱ ነው።

"የመጋዘኑን ፎቶዎች ያውርድ" አለ።

ፎቶ ሲቀመጥ ገና ድሮ ተጨምቆ እንደሚቀመጥ፣ ዳግም ቢጨምቁት እንደማያንስ ከእኔ እኩል ያውቃል። ደሜ ፈላ።

"አባቶቼ፣ ይኼ የሚረዳው ለጽሑፍ ነው። የዕለት ሥራዬ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ እሱን ላሳያችሁ" አልኩ።

ሰብሳቢው ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ እኛ ጤፍ ስንገዛ ጆንያውን ወግተን አንድ እፍኝ ነው የምናይ። ሁሉንማ አንዘረግፍም።"

ፎቶው እየተንፏቀቀ ወረደ። ኃላፊው ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ተዛወርኩ። እናቴን በዚያ መንገድ በሚኒባስ ማጓጓዝ አይታሰብም፤ ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድኩ። ሞጣ ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጬ ስሠራ እጄ ሥራ ላይ፣ ልቤ ቢቸና ነበር። ኃላፊው በበሩ ሲያልፍ "እንዴት ነው፣ ፈጠነልህ?" ይለኛል።

ክረምቱ ሳይወጣ ጎረቤታችን ደወለች። በዚያን ቀን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሄጄ የደረስኩት መቃብሯ ላይ ነው።

ሰውዬው ለቅሶ ሊደርሰኝ ቢቸና መጣ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነስቶ ተቀበለው። ፊቴ ቆሞ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።