የጠቆረው ደረሰኝ

ፒያሳ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ በገንዘብ ተቀባይነት የገባሁ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ታደለ የካሽ ሬጂስተሩን አሠራር በሩብ ሰዓት አሳዩኝ። ማሽኑ ሁለት ጥቅል ወረቀት ነበረው፤ አንዱ ተቀዶ ለገዢ ይሰጣል፣ ሌላው ቅጂውን ይዞ ይቀራል። «መቀበል ያንቺ ሥራ ነው፤ መመለስ የእኔ» አሉኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ሥራቸውን ወደውት አላየሁም።

እትዬ ዘነበች ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እርጎ ሊሸጡ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ከእኛ ማቀዝቀዣ ገዙ። አላቀዘቅዝ አላቸው። በሦስተኛው ቀን አስጭነው መለሱት። ጋሽ ታደለ ዕቃውን ተረከቡና ለገንዘቡ «ቅዳሜ ይምጡ» አሏቸው።

ቅዳሜ መጡ። ጋሽ ታደለ የሉም። በሚቀጥለውም የሉም። እውነቱን ለመናገር ጓዳ ነበሩ፤ «የሉም» ባይዋ እኔ ነኝ። አፌ ለምዶት ነበር፤ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ጠዋት ይደክመኝ ጀመር።

«የኔ ልጅ፣ ለባዶ ሱቅ እኮ ነው ኪራይ የምከፍለው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ዳገቱን ወጥተው እያለከለኩ።

«ደረሰኙን ብቻ በደንብ ይያዙ፣ እትዬ» አልኳቸው።

በደንብ ያዙት። በስድስተኛው ቅዳሜ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በጋለ ማሽን ፕላስቲክ አስለብሰው፣ ላሚኔት አስደርገውት መጡ። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ግን ሙቀት አይችልም፤ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። አንድ ፊደል አይነበብም።

ያን ቀን ጋሽ ታደለ ራሳቸው ከጓዳ ወጡ። ፕላስቲኩን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ያለ ደረሰኝ ምን ላድርግ? ሕግ ነው።»

እትዬ ዘነበች ለሽያጭ የቆመ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። አፈርኩ። ከባንኮኒው ሥር የቅጂ ጥቅሎቹን አውጥቼ መተርተር ያዝኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቅጂውን እየፈለግኩ ነው፣ ጋሼ።»

ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰዓቱም፣ የማቀዝቀዣው ዋጋም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ደንበኞች ቆመው ያዩ ስለነበር ጋሽ ታደለ ካዝናውን ከፈቱ።

እትዬ ዘነበች ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከዚያ ወደ ጓዳው በር በአገጫቸው አመለከቱ። «ሁልጊዜም እዚያ ነበሩ?»

«አዎ» አልኩ።

«ሱቄን ባለፈው ሰኞ ለአከራዩ አስረከብኩ» አሉኝና ወጡ።

ገንዘቡን ያዘገዩት ጋሽ ታደለ ናቸው፤ አምስቱን ቅዳሜ ያመላለስኳቸው ግን እኔ ነኝ። ለገንዘብ ተቀባዮች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ጓዳ ከሆኑ፣ ጓዳ ናቸው በሉ።