ክዳኑ ይከፈት

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ጽሑፍ እየተየብሁ ነው የምተዳደረው። አሮጌው ኮምፒዩተሬ እስኪነሣ ድረስ ደንበኛ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጭራሹን ቀጥ አለ።

ከጣና ደሴት ገዳም የመጡ አንድ አባ፣ የጻፉትን መጽሐፍ ሊያስተይቡ ተቀምጠው ነበርና፣ «አባ፣ አዲስ ልገዛ ነው፤ ነገ ይመለሳሉ?» አልኋቸው።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ሱቁ ስንደርስ ሻጩ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኮምፒዩተር አወጣልኝ። «ፈጣን ማለት ይኼ ነው! ሜሞሪው ዐሥራ ስድስት ጊጋ ነው» አለኝ። ወድጄው ልወስድ ስል አባ በመቋሚያቸው ነካ አደረጉትና፣ «እስቲ ክዳኑን ክፈተው» አሉት።

ሻጩ ሳቀ። «አባ፣ ቢከፈት ለእርስዎ ምን ይረባዎታል?»

እኔ በሀፍረት መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ሻጩ እያጉረመረመ ከፈተው።

አባ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሜሞሪው ስምንት ነው። ዲስኩም የሚሽከረከረው፣ ቀርፋፋው የድሮ ዓይነት ነው። ያንን መብራት የሌለውን ጥቁሩን ክፈትልን።»

ሻጩ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ጥቁሩን ከፍቶ አሳያቸው፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሲበራ፣ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ተነሣ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ኮምፒዩተሬን በባጃጅ ጭነን ስንመለስ፣ «አባ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት?» አልኋቸው።

«ከመመንኮሴ በፊት ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበርሁ» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ያንንም ሻጭ ልጅ ሙያውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። አላወቀኝም እንጂ።»