መሃሉን በአውራ ጣት መሸፈን

ሟቹ አጎቴ ልደታ በሚገኘው ቤታቸው የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ ያስጠኑ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ ግሱ ነጠላ ይሁን ብዙ ልጆቹ ሲጠፋባቸው፣ አጎቴ መሃል የገቡትን ቃላት በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑና «አድራጊው ማን ነው? ግሱ የሚከተለው እሱን ብቻ ነው» ይሏቸዋል።

ሰውንም የሚያዳምጡት እንዲሁ ነበር። ዘመድ ወሬ ሲያበዛ «መሃሉን ተወውና፣ ማን ምን አደረገ?» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ብዙው ሸሻቸው። እኔንም እንግዳ ፊት እንዲህ ጠይቀው አሳፍረውኛል፤ አልረሳሁትም።

ለቅሶው ላይ የወንድማቸው ልጅ ተነስቶ ስለ ሥራው ብዛት፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት፣ ስለ ሐኪሞቹ ደግነት ሲያወራ ቆየና «ቤተሰቡ በሚገባ አስታሟቸዋል» አለ።

«ማን?» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ! ሁላችንም ነና።»

«ስትመጣ በሩን የከፈተልህ ማን ነበር?»

መሐረቡን አውጥቶ እንባውን መጥረግ ጀመረ። አጎቴ ታመው በተኙበት ጊዜ ሁሉ ያንን በር የምከፍተው እኔ ነበርኩ፤ እሱን አንድም ቀን አላየሁትም።

እንባውን ያኔም አላመንኩትም፣ ዛሬም አላምነውም። ለቀስተኛው ግን አዘነለት፤ እኔን በክፉ ዓይን አየኝ። አጎቴ ቢኖሩ ወሬውን ሳይጨርስ ያስቆሙት ነበር። አሁን በቤታችን ሁሉም እንደልቡ ያወራል።