ማር የምታንጠባጥበው ሐረግ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሀያት መቀስ ይዛ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ቆማ አየኋት። እዚያ ያሳደገቻት ሐረግ አለች፤ ቅጠሏ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባዋ ከሰም የተሠራ የሚመስል። ሀያት አበባው ረግፎ የቀረችውን አጭር ጉቶ ልትቆርጣት ነው።

«ተይ! እንዳትነኪያት!» ብዬ ጮኽሁ።

ልጅቱ ደንግጣ መቀሱን ጣለችው። «የሚመጣውም አበባ የሚወጣው ከዚያችው ነው» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እኔ ጎመን እንኳ ተክዬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ሀያትም ይህን ታውቃለች። «ማን ነገረሽ፣ እማ?» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ። የእርጅና አንዱ ጥቅሙ ጆሮዬ ደክሟል ማለት መቻል ነው።

የነገረኝ አባቴ ነው።

ያኔ ሸዋ ሮቢት በጣሊያን እጅ ነበረች። አዲሱ መንገድ ከደብረ ሲና ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወርዶ በመንደራችን አጠገብ ያልፋል፤ ቀትር ላይ የሬንጁ ሽታ ከማሽላው ሽታ ጋር ተደባልቆ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። አባቴ ኑሬ በሮቢ ወንዝ ዳር ሎሚና ሙዝ የሚያለማ ሰው ነበር። መሬቱ ለመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ተብሎ ሲወሰድበት እሱም ከመሬቱ ጋር ሄደ፤ የመንገዱ መሐንዲስ በነበረው ጣሊያን ቤት አትክልተኛ ሆኖ ገባ። መብላት ስለነበረብን ነው። ይህን ዛሬ እላለሁ እንጂ ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ አውቅ ነበር። በአባቴ አፈርኩ። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳየው ፊቴን አዙሬ በሌላ በኩል እሄድ ነበር።

መሐንዲሱ ከአገሩ በቆርቆሮ ጣሳ ያመጣት አንዲት ቁራጭ ሐረግ ነበረችው። አባቴ መጀመሪያ ሊገድላት ምንም አልቀረው። የቆላ ሰው የሚወደውን ነገር ሁሉ ውሃ ያጠጣል፤ እሱም ጧት ማታ እያጠጣ ሥሯን ማበስበስ ጀመረ። ቅጠል የሌላቸውን ረጃጅም ቀምበጦቿንም ለምንም አይረቡም ብሎ እንደ ዱባ ሐረግ እየቆረጠ ይጥላቸው ነበር። ጣሊያኑ ራሱን ይዞ ጮኸበት። ቁጣው ሲበርድለት ሁለቱ ጣሳዋን መሀል አድርገው ቁጭ አሉና በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ ዋሉ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እራት ላይ፣ «አፈሩ ካልደረቀ ውሃ አትፈልግም» ይለናል። «ጠባብ ዕቃ ነው የምትወደው፤ ሰፊ ከሰጧት ትሰንፋለች። ብርሃን ትፈልጋለች እንጂ ፀሐይ አትችልም። አበባዋ የረገፈበት ጉቶ አይቆረጥም፤ ተመልሳ የምታብበው በእሱ ነው።»

«ለልጅህም እንዲህ ብታስብላት» ትለው ነበር እናቴ።

ሸምበቆ ሰንጥቆ፣ በልጥ አስሮ፣ የቤት ግድግዳ እንደሚዋቀር አድርጎ መደገፊያ ሠራላት። ቀምበጦቿን በጣቱ እየመራ ይጠመጥማቸዋል፤ በራሳቸው በሚዞሩበት በኩል ካልተጠመጠሙ በማግስቱ ተፈተው ይገኛሉ። ሐረጓ በእጁ ወፈረች፣ ረዘመች፣ ሸምበቆውን ሸፈነችው። መሐንዲሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሐረጓን ለአባቴ ሰጠው። አባቴም ያንን ከሰው የሚረዝም ነገር ተሸክሞ፣ በገበያ ቀን፣ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጦ መጣ። በጓሮ መንገድ ቢመጣ ምን ነበረበት! ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ጓዳ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ተላከብን። የላከው የሙሄ ቤት ነው፤ ሙሄን ደግሞ እወደው ነበር። ችግሩ ታላቅ ወንድሙ ከአርበኞች ጋር ዱር የገባ መሆኑ ነው። እነዚያ ሰዎች ጣሊያን የነካውን ጨው እንኳ አይቀምሱም ይባል ነበር። አባቴ የጣሊያኑን ቤት ትቶ የሰው መሬት ምርቱን እኩል እየተካፈለ ማረስ ስለጀመረ፣ ያለፈውን እንዳላዩ ሊያልፉለት ፈቅደዋል። ከጣሊያኑ ቤት የቀረችብን ሐረጓ ብቻ ናት፤ ከወንዝ ማዶ የሚመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ከየት እንደመጣች አያውቁም።

«ጓዳ አስገባት» አለችው እናቴ።

«እምቡጥ ይዛለች። ከተነቃነቀች ታራግፈዋለች።»

«እሷ እንድታብብ ልጅህ ቆማ ትቅር?»

«አበባ አይተው ምን ይላሉ? አበባ እኮ ነው» አለ። የዋህ ሰው ነበር፤ የሚወደውን ነገር ሰው ሁሉ የሚወደው ይመስለዋል።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሶላት ሰግደው መጡ። እምቡጡ በዋዜማው ፈክቶ ነበር። ጫት ተዘረጋ፣ ወተት ቀረበ፤ እኔና እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሸህ እድሪስ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሰው ነበሩ። አባቴ የክብር ቦታ ብሎ ከሐረጓ ሥር አስቀመጣቸው። ነገሩ ሁሉ መልካም ሄደ፤ ዱዓው ብቻ ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አበባዋ እንደ ልማዷ መሽተት ጀመረች፤ ቤቱን ጣፋጭ ሽታ ሞላው። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ ሸህ እድሪስ እጅ ላይ ወደቀች። ቀና ሲሉ ሌላዋ ግንባራቸው ላይ አረፈች። በጣታቸው ጠርገው ቀመሱና ወዲያው ተፉ።

«አስተግፊሩላህ! ምንድን ነው ይሄ፣ ኑሬ? የጣሊያን መጠጥ ነው?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ ቆነጠጠችኝ። አባቴ ግን ደስ ብሎት መለሰ፤ «ኧረ ወላሂ ማር ነው! አይስጉ። አበባዋ ራሷ ናት የምታመነጨው። ጣሊያኑ ሲሄድ ሰጥቶኝ...»

የተናገረው ለራሱም የገባው እዚያ ላይ ነው።

ሸህ እድሪስ የያዙትን ጫት አስቀመጡ። «የልጁን ወንድም ጣሊያን እያደነው፣ እኛ ጣሊያን በሰጠህ አበባ ሥር ዱዓ እናድርግ? ወይ እሷ ከዚህ ቤት ትውጣ፣ ወይ እኛ እንውጣ።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረ። «ዘሃራ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

በእኛ አገር ልጃገረድ ስለ ጋብቻዋ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው፤ ሌላ መልስ አይጠበቅባትም። አባቴ የጠየቀኝ ግን ስለ ጋብቻው አልነበረም፤ ስለ ሐረጓ ነበር። ይህን እሱም እኔም እናውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ሙሄን አጣው ይሆናል፤ ምናልባትም አላጣውም። ዝም አልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈቅዳለች» አለ አንዱ ሽማግሌ።

አባቴ ተነሥቶ ሐረጓን ከነሸምበቆዋ ተሸከማት። በጓሮ፣ ጥላ ሥር ያስቀምጣታል ብዬ ነበር። እሱ ግን መጣሏን አላፊ አግዳሚው እንዲያይለት ወደ ደጅ አወጣት፤ የሮቢት ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አስደገፋት። ሲመለስ መዳፉ በማሩ ተጣብቆ ነበር። ታጥቦ ገብቶ ከሰዎቹ ጋር «አሚን» አለ።

በማግስቱ ደጁን ስጠርግ የረገፈው አበባ እግሬ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ቅጠሎቿ መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ፣ ከዚያ ተቃጠሉ። አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ልክ እኔ መንገድ ላይ ከእሱ ፊቴን አዞር እንደነበረው። ሸምበቆውን በኋላ እናቴ በርበሬ አሰጣችበት።

ሠርጉ አማረ፤ ሙሄም ጥሩ ባል ሆነልኝ። ጣሊያንም ሄደ። አባቴ እስኪሞት አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቼን አያታችሁ ገበሬ ነበር እያልኩ አሳደግኋቸው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። በአባቴ ማፈሩ ቶሎ ነው የለቀቀኝ። በራሴ ማፈሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ትናንት ሀያት ሐረጓን መደገፊያዋ ላይ እየጠመጠመች እንደገና ጠየቀችኝ። «እማ፣ የእውነት ማን ነው የነገረሽ?»

«አባቴ» አልኳት። «ጣሊያን ቤት አትክልተኛ ነበር። እንዲህ ያለችውን ለጣሊያን ያሳድግ ነበር።»

ሀያት ዓይኗን እንኳ ከቀምበጡ አላነሣችም።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች።

ያን ቀን አባቴ ወደ መጋረጃው ዞሮ ከእኔ የጠበቀው ይችኑ ቃል ነበር።